ለሊኑክስ የምትሆን ትንሽ ላፕቶፕ ለመግዛት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡልኝ ከሱቅ ውስጥ ነው። ሰውየው ላፕቶፑን ይገለብጥና ሆዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኛል። «ይቺ ሊኑክስ ትይዛለች? ቶሎ በል፣ ሻጩ እየጠበቀኝ ነው» ይላል። ሊኑክስ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። እየተጣደፉ የሚገዙት ላፕቶፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያስቆጫል። ስለዚህ መልሶቹን ረጋ ብዬ እዚህ ጽፌያቸዋለሁ። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት አንብቧቸው።

በአጭሩ ንገረኝ፤ የቱን ልግዛ?

ድርጅት ውስጥ ያገለገለ 12.5 ኢንች ላፕቶፕ ግዙ። ሦስት ስም ያዙ፦ ሌኖቮ ቲንክፓድ ኤክስ270፣ ዴል ላቲቱድ 7280፣ ኤችፒ ኢሊትቡክ 820 ጂ4። ሦስቱም በፈረንጆቹ የ2017 ሞዴሎች ናቸው። ሦስቱም ላይ ሊኑክስ ያለ ብዙ ጣጣ ይሠራል። የቱ ይበልጣል ብሎ ከመከራከር ሱቁ ውስጥ ካሉት በደህና ሁኔታ ላይ ያለችውን መውሰድ ይሻላል። ማጠፊያዋ ያልላላ፣ ስክሪኗ ያልተጫረ፣ ባትሪዋ ያልሞተ።

ትንሽ ብር መጨመር የሚችል ሰው ላቲቱድ 7290ን ወይም ቲንክፓድ ኤክስ280ን ይፈልግ። እነዚህ ባብዛኛው የኢንቴል 8ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር አላቸው። እስከ 7ኛው ትውልድ ድረስ እንዲህ ባሉ ቀጫጭን ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ኮር አይ5 ፕሮሰሰር 2 ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ብቻ ነበረው። በ8ኛው 4 ሆነ። ብሮውዘሩን፣ ዞሙንና ሰነዱን ባንድ ላይ ለሚከፍት ሰው ልዩነቱ ይታወቃል። ኤክስ280 ላይ ግን አንድ ነገር አትርሱ፦ ራሙ ቦርዱ ላይ ተበይዷል። 4 ጊጋ ያላትን ከገዛችሁ ዕድሜዋን በሙሉ 4 ጊጋ ናት።

አዲስ አይሻልም? ያገለገለ ዕቃ እፈራለሁ።

ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ባንድ ዋጋ ምን እንደምታገኙ እዩ። በርካሽ የሚሸጡት አዳዲስ ትናንሽ ላፕቶፖች ብዙውን ጊዜ ሴሌሮን የሚባል ደካማ ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ የተበየደ ራምና 64 ጊጋ የማትሞላ ዘገምተኛ ማከማቻ ነው ያላቸው። ካርቶኑ ያምራል፤ ላስቲኩ ገና አልተላጠም። ከስድስት ወር በኋላ ግን ብሮውዘር ከፍቶ መጠበቅ ይጀመራል። ራም ልጨምር ቢሉ ቦታ የለም።

የድርጅት ላፕቶፕ ሲሠራ ጀምሮ ሐሳቡ ሌላ ነው። በቀን አስር ጊዜ ተከፍቶ እንዲዘጋ፣ ሲበላሽ እንዲፈታ ተደርጎ ነው የተሠራው። ኪቦርዱ፣ ባትሪው፣ ዲስኩ የየራሱ መለዋወጫ አለው። ኩባንያዎቹ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ በጅምላ ይለውጧቸዋል። ያኔ ነው ወደ እኛ ገበያ የሚመጡት።

ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባጠቃላይ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያለውን አይቀበልም። ስለዚህ 6ኛና 7ኛ ትውልድ ያላቸው፣ ምንም ያልጎደላቸው ማሽኖች «ያለፈባቸው» ተብለው ዋጋቸው ወረደ። ሊኑክስ ግን እነሱ ላይ እንደ ልቡ ይሮጣል። ለእኛ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላውቅም።

«ትንሽ» ሲባል ምን ያህል ነው? 10 ኢንች አይበቃም?

ለኔ ትንሽ ማለት 12.5 ኢንች፣ ክብደቷ 1.3 ኪሎ አካባቢ የሆነ ነው። 15.6 ኢንቹ ከነቻርጀሩ ከ2 ኪሎ በላይ ይሆናል። በመኪና ለሚሄድ ሰው ልዩነቱ ላይታይ ይችላል። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ሰው ተደርቦበት ለሚሄድ ግን ብዙ ነው።

ከዚያ በታች አትውረዱ። በፈረንጆቹ 2007 አሱስ ኢ ፒሲ የምትባል 7 ኢንች ላፕቶፕ አውጥቶ ነበር፤ ከነሊኑክሷ ነበር የምትሸጠው። በጊዜው ጉድ ተብሎላታል። ግን ሁለት እጅ አይበቃትም ነበር። ከሷ በኋላ የመጡት ኔትቡኮች አሁንም አልፎ አልፎ ገበያ ላይ ይታያሉ። ብዙዎቹ አተም የሚባል ደካማ ፕሮሰሰር ያላቸው፣ አንዳንዶቹም 32 ቢት የሚባለውን የድሮ አሠራር ብቻ የሚያውቁ ናቸው። ከሊኑክስ አይነቶች ኡቡንቱ 32 ቢትን ከተወ ቆይቷል፤ ደቢያንም ከ13ኛው እትሙ ጀምሮ ለ32 ቢት ኢንስቶለር አያወጣም። በስጦታ ቢሰጧችሁ ተቀበሉ፤ ገንዘብ ግን አታውጡባቸው።

ስክሪን ላይ ምን ልይ?

ይሄ ጥያቄ ከሚገባው በታች ነው የሚጠየቀው። አንድ አይነት ሞዴል ሁለት አይነት ስክሪን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ኤክስ270ን ብትወስዱ፣ አንዷ 1366 በ768፣ ሌላዋ 1920 በ1080 ናት። ከውጭ ሲያዩአቸው አይለያዩም።

እኛ ደግሞ የምናነበው ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል ጥቃቅን ምልክቶች አሉት። ቿ፣ ኟ፣ ጯ፣ ዧ ዝቅተኛ ስክሪን ላይ በትንሽ ጽሑፍ ሲመጡ እግራቸው ይደበዝዛል፤ ሳታውቁት በግምት ማንበብ ትጀምራላችሁ። ማታ ማታ ዓይናችሁን የሚቆጠቁጣችሁ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ስለዚህ ባለ 1920ዋን ፈልጉ። ጽሑፉ በጣም ካነሰባችሁ ከሴቲንግ ውስጥ ወደ 125 ፐርሰንት ታሳድጉታላችሁ፤ ጥራቱ አይጠፋም።

ሱቅ ውስጥ አንድ ሙከራ አድርጉ። የሰው ፊት ያለበት ፎቶ ክፈቱና ስክሪኑን ወደ ኋላ ቀስ እያላችሁ አስተኙት። ፊቱ እየጠቆረ ወይም ቀለሙ እየተገለበጠ ከሄደ ርካሹ የስክሪን አይነት ነው። ከየትም አቅጣጫ አንድ አይነት ከሆነ አይፒኤስ ነው፤ እሱን ያዙ።

ራምና ዲስክስ?

8 ጊጋ ራም። 4 ጊጋ «ይበቃል» የሚሏችሁ ሊኑክሱ ራሱ ቀላል መሆኑን አይተው ነው። እውነት ነው፣ ሊኑክሱ ቀላል ነው። ብሮውዘሩ ግን ሊኑክስ ላይም ያው ብሮውዘር ነው። ኢሊትቡክ 820 ሁለት የራም ቦታ አላት፤ ኤክስ270ና ላቲቱድ 7280 አንድ አንድ። ዲስኩ ፈጣኑ አይነት፣ ኤስኤስዲ የሚባለው ይሁን፤ 256 ጊጋ ከበቂ በላይ ነው።

ዋይፋዩ እምቢ ይላል ሲባል እሰማለሁ።

ይላል፤ ግን በካርዱ ነው የሚወሰነው። የኢንቴል ካርድ ከሆነ ተኙ፤ ገና ስትከፍቱት ይሠራል። ሪልቴክ እንደ ዕድላችሁ ነው። ብሮድኮም ብዙ ጊዜ ለብቻው የሚጫን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ፕሮግራም) ይፈልጋል፤ ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ የለም። እዚህ ላይ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ዊንዶውስ ሲመለስ አይቻለሁ።

መፍትሔው ኪሳችሁ ውስጥ ነው። አንድሮይድ ስልካችሁን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙና ከስልኩ ሴቲንግ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚለውን አብሩ። ሊኑክስ ወዲያው እንደ ኔትወርክ ገመድ ያየዋል። ዳታው ከስልኩ ይሄዳል፤ ድራይቨሩን አውርዳችሁ ትገላገላላችሁ።

ሱቅ ውስጥ ምን ምን ልፈትሽ?

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ፦ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት፣ ቤት ሊኑክስ አዘጋጅታችሁ ከምትሄዱበት ከራሳችሁ ፍላሽ ላይ ሊኑክስን አስነሱባት።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከዓመታት በፊት መርካቶ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ የምታምር ትንሽ ቲንክፓድ አየሁ። ዊንዶውስ ተጭኖባታል፣ ትፈጥናለች፣ ባትሪዋም ደህና ነው። ከፈልኩና ወሰድኳት። ቤት ደርሼ ፍላሹን ሰክቼ ሳበራት ፍላሹን አላይም አለች። ባዮሷ ውስጥ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የላፕቶፑ መቆጣጠሪያ) ገብቼ ላስተካክል ስል የይለፍ ቃል ጠየቀችኝ። የድሮው ድርጅት የቆለፋት ናት። በማግስቱ መልሼ ወሰድኳት። ሻጩ «ወንድሜ፣ ስትገዛት ትሠራ ነበር፤ አሁንም ትሠራለች» አለኝ። እሱም አልዋሸም። ቲንክፓድ ላይ ይህ የይለፍ ቃል ቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ትንሿን ክብ ባትሪ ነቅሎ መመለስ አያጠፋውም። ቺፑን የሚያነብ ባለሙያ እስካገኝ ድረስ ሁለት ወር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ነበር።

እና አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ አጥፍቼ አበራታለሁ። ቲንክፓድ ከሆነች ኤፍ1፣ ዴል ከሆነች ኤፍ2፣ ኤችፒ ከሆነች ኤፍ10 ተጭኜ ባዮስ ውስጥ እገባለሁ። የይለፍ ቃል ከጠየቀች አመስግኜ እወጣለሁ። ካልጠየቀች ፍላሹን እሰካና ቲንክፓድና ዴል ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ተጭኜ ከፍላሹ አስነሳታለሁ። ዲስኩ ላይ ምንም አይነካም፤ ይህን ለሻጩ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ አንዳንዱ «ዊንዶውሱን ሊያጠፋብኝ ነው» ብሎ ይደነግጣል።

ከተነሳች በኋላ ዋይፋዩን ከስልኬ ጋር አገናኛለሁ። ባዶ ሰነድ ከፍቼ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እጫናለሁ። ነጭ ገጽ ከፍቼ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ እፈልጋለሁ። ካሜራና ድምፅ እሞክራለሁ። ክዳኑን ዘግቼ አንድ ደቂቃ እቆይና እከፍተዋለሁ፤ ከእንቅልፏ መነሳት አለባት። ከዚያ ባትሪው። ሚንት ኤክስኤፍሲኢ በሚባለው የሊኑክስ አይነት ላይ ፓወር ማኔጀር ውስጥ ስትመረት የነበራት አቅምና አሁን የምትይዘው ጎን ለጎን ተጽፏል። 23 ዋት አወር ሆና ተመርታ አሁን 9 የምትይዝ ከሆነ፣ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከዋጋዋ ላይ ይቀነስልኝ ብሎ መከራከሪያ ነው። መጨረሻ ላይ ዲስክስ የሚለውን ፕሮግራም ከፍታችሁ የዲስኩን ጤና እዩ። ይሄ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሩብ ሰዓት የማይሰጣችሁ ሻጭ ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

የጣት አሻራ አንባቢውን ግን አትቁጠሩት። ብዙዎቹ ሊኑክስ ላይ አይሠሩም።

መብራት በሄደ ቁጥር ሥራዬ እንዳይቋረጥ እፈልጋለሁ።

እንግዲያው ኤክስ270። ይቺ ላፕቶፕ ሁለት ባትሪ አላት። አንዱ ሆዷ ውስጥ ነው፣ ሌላው ከኋላ በሁለት መያዣ ይወጣል። የኋላው ሲያልቅ ላፕቶፑን ሳታጠፉ ነቅላችሁ ሌላ መሰካት ትችላላችሁ፤ በመሃል የውስጡ ይዞ ያቆያታል። ለኋላ ቦታው 72 ዋት አወር የሚይዝ ትልቅ ባትሪም አለ። ከሥር ጎልቶ ስለሚወጣ ትንሽ ከፍ ያደርጋታል፣ ክብደትም ይጨምራል። እኔ ግን በሱ ነው ሙሉ ቀን የምውለው። ከሷ ቀጥሎ የመጣችው ኤክስ280 ይህን ተወችው፤ ቀጠነች፣ ባትሪዋም ውስጥ ብቻ ሆነ።

ስለ እንቅልፍም ልንገራችሁ። የእነዚህ ዓመታት ላፕቶፖች ክዳናቸው ሲዘጋ በትክክል ይተኛሉ፤ ማታ ዘግታችሁ ጠዋት ስትከፍቱ ባትሪው ብዙም አይነካም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የወጡት ብዙዎቹ ግን ይህን የእንቅልፍ አይነት ትተው እንደ ስልክ በግማሽ ነቅተው ይተኛሉ። ሊኑክስ ላይ አንዳንዶቹ ቦርሳ ውስጥ ሆነው ይግላሉ፣ ባትሪም ይጨርሳሉ። ያገለገለውን የምመርጥበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

አማርኛ መጻፍ ይቻላል?

ይቻላል፤ በደንብ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደላት መዝገብ) የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ሊኑክስም ያውቀዋል። አቢሲኒካ ሲልና ኖቶ የሚባሉት ፎንቶች በነፃ ይገኛሉ። ለመጻፍ አይባስ በሚባለው የመጻፊያ ሥርዓት ላይ ኤም17ኤን የሚባለውን ጥቅል ትጨምራላችሁ። ከዚያ ከቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ አማርኛ ሆኖ «ሴራ» የሚል የተጻፈበትን ምረጡ። በእንግሊዝኛ ፊደል እንደ ድምፁ ስትጽፉ ወደ ግዕዝ ይቀይረዋል። ዝርዝሩ ውስጥ «አማርኛ» ብቻ የሚል ሌላም አለ፤ የቁልፉ አደራደር ከለመዳችሁት የተለየ ስለሆነ ብዙ ሰው እሱን መርጦ ግራ ይጋባል። ኪይማን የለመዳችሁ ደግሞ ለሊኑክስም አለላችሁ።

ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። መሥሪያ ቤታችሁ በድሮ የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ካሉት፣ ሊኑክስ ላይ ስትከፍቷቸው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሊሆኑባችሁ ይችላሉ። ጥፋቱ የሊኑክስ አይደለም፤ ፎንቱ የሌለበት ዊንዶውስ ላይም ያው ናቸው። ፎንቱን ቀድታችሁ ጫኑና ሞክሩ።

አንድ ሌላ ነገር ሊያናድዳችሁ ይችላል። በኒያላ የተጻፈ የዎርድ ሰነድ ሲመጣላችሁ ኒያላ ሊኑክስ ላይ ስለሌለ በሌላ ፎንት ይከፈታል። መስመሩ ይገፋል፤ አምስት ገጽ የነበረው ደብዳቤ ስድስተኛ ገጽ ላይ ፊርማ ብቻውን ይቀመጣል። ለማንበብ ችግር የለውም። መልሳችሁ ስትልኩ ግን በፒዲኤፍ ላኩ።

በሥራዬ ፒችትሪ እጠቀማለሁ። ልቀይር?

አትቀይር። የሒሳብ ሥራ የምትሠሩ ሰዎች ኑሯችሁ ፒችትሪ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። አውቶካድና ፎቶሾፕም እንደዚሁ። እነዚህን በግድ ሊኑክስ ላይ ለማስኬድ መታገል ይቻላል፤ ወር መጨረሻ ላይ ደመወዝ የሚሠራ ሰው ግን እንዲታገል አልመክርም። ዊንዶውሱን ጎን ለጎን አስቀምጡት።

ለተማሪ፣ ለጸሐፊ፣ ለፕሮግራመር፣ ለተመራማሪ ግን የሚጎድል ነገር ጥቂት ነው። ቴሌግራም፣ ዞም፣ ፋየርፎክስ፣ ክሮም፣ ሊብሬ ኦፊስ፣ አር፣ ፓይተን፣ ኪውጂአይኤስ ሁሉም አሉ።

ማክቡክ ኤየር ርካሽ አገኘሁ። ክሮምቡክስ?

በፈረንጆቹ እስከ 2017 ያሉት ማክቡክ ኤየሮች ሊኑክስ ይቀበላሉ፤ ዋይፋያቸው ብሮድኮም ነው፣ ራማቸውም የተበየደ ነው። ከ2018 እስከ 2020 የወጡት ኢንቴሎች ቲ2 የሚባል ቺፕ ስላላቸው ያስቸግራሉ፤ ለጀማሪ አይሆኑም። ክሮምቡክ ደግሞ ፈርምዌሩን (ቦርዱ ላይ ያለውን ማስነሻ ፕሮግራም) መቀየር ይጠይቃል፤ ከተቀየረም በኋላ ድምፁ እምቢ የሚልበት ብዙ ነው። ተዉት።

አሜሪካ ያለች እህቴ ልታመጣልኝ ነው። ምን ልበላት?

የሞዴሉን ሙሉ ስም ጽፋችሁ ላኩላት። «ትንሽ ላፕቶፕ» ብላችሁ ከላካችሁ ከትልቅ መደብር በቅናሽ ያገኘችውን ያንኑ ሴሌሮን ነው ይዛ የምትመጣው፤ በፍቅር ነው፣ ግን አይጠቅማችሁም። «ሪፈርቢሽድ ላቲቱድ 7290፣ 16 ጊጋ ራም፣ 1920 ስክሪን» በሏት።

የሚመጣው ከጀርመን ከሆነ ኪቦርዱ ላይ ዜድና ዋይ ቦታ ተለዋውጠዋል። ከዱባይ የዓረብኛ፣ ከእስራኤል የዕብራይስጥ ፊደል ሊኖርበት ይችላል። ለሊኑክስ ግድ የለውም፤ አደራደሩን ከሴቲንግ ትመርጣላችሁ። ቁልፍ እያየ የሚጽፍ ሰው ግን ቀድሞ ይጠይቅ።

የቱን ሊኑክስ ልጫን?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሊኑክስ ሚንት፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን። መልኩ ከዊንዶውስ አይርቅም፣ ቀላል ነው። የኡቡንቱ 24.04 ፋይል ከ5 ጊጋ በላይ ሲሆን የሚንቱ 3 ጊጋ ገደማ ነው፤ ዳታ ለሚገዛ ሰው ይሄም ቁም ነገር ነው። በቶረንት አውርዱት። ኔትወርክ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ፋይሉም ጎድሎ እንደሆነ ራሱ ይፈትሻል።

ዊንዶውሱን ላጥፋው ወይስ ጎን ለጎን ልጫን?

256 ጊጋ ካላችሁ መጀመሪያ ጎን ለጎን ጫኑ። ኢንስቶለሩ ራሱ ቦታውን ከፋፍሎ ይሰጣችኋል። ከዚያ በፊት ዊንዶውሱ ውስጥ ገብታችሁ ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ) በርቶ እንደሆነ እዩ፤ ከበራ አጥፉትና እስኪጨርስ ጠብቁ። ፎቶአችሁን፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን፣ የትምህርት ማስረጃችሁን ወደ ሌላ ፍላሽ ቅዱ። የተቀዳውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ መነበቡን አረጋግጡ። ያን ፍላሽ ነቅላችሁ መሳቢያ ውስጥ ካስገባችሁ በኋላ ነው «ኢንስቶል» የሚለውን የምትጫኑት።